ከሙስካት እስከ ዛንዚባር፦ በሰይድ ሰዒድ ዱካ

ዓርብ፣ ሙስካት

ታኅሣሥ ላይ ሙስካት ደስ ትላለች። ያ የሚያቃጥለው ሙቀት በርዷል። ከባሕሩ ጥሩ ነፋስ ይመጣል። አሮጌው ወደብ በጥቁር ድንጋያማ ተራሮች የተከበበ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ምሽጎች ቆመዋል፣ ጀላሊና ሚራኒ። የሠሯቸው በ1580ዎቹ ፖርቹጋሎች ናቸው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እዚህ የመጣሁት የአንድ ሰው ዱካ ፍለጋ ነው። ሰይድ ሰዒድ ቢን ሱልጣን ይባላል። ከ1806 እስከ 1856 ድረስ ለሃምሳ ዓመት የገዛ የኦማን መሪ ነው። ግዛቱ ኦማን ላይ አያበቃም። ዛሬ የፓኪስታን የሆነችው የጓደር ወደብ የሱ ነበረች። የባንዳር አባስን ወደብ ከፋርስ ተኮናትሮ ይዞ ነበር። ከሶማሌ ጠረፍ እስከ ሞዛምቢክ ድንበር ባለው የአፍሪካ ዳርቻም፣ አንዳንዱ ቦታ በተግባር ሌላው ቦታ በስም ብቻ፣ የሱ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር።

ስለሱ ብዙ ተጽፏል። እኔን ግን የሳበኝ የቤቱ ጉዳይ ነው። በዛንዚባር የባሪያ ገበያን የዘጋው ሱልጣን በርጋሽ የሰዒድ ልጅ ነው። የበርጋሽ እናት ደግሞ ሐበሻ ነበረች። በገንዘብ ተገዝታ ወደዚያ ቤት የገባች ሴት። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ። ስለዚህ ከአባትየው አገር ተነስቼ እስከ መቃብሩ ልሂድ አልኩ።

ኦማኖች ፖርቹጋሎችን ከሙስካት ያባረሩት በ1650 ነው። በዚያ አላበቁም። መርከቦቻቸውን ይዘው እስከ አፍሪካ አሳደዷቸው። በ1698 ሞምባሳ ላይ ያለውን ትልቁን የፖርቹጋል ምሽግ ያዙ። እንግዲህ ሰዒድ ገና ሳይወለድ ኦማኖች ምሥራቅ አፍሪካ ላይ እግራቸውን ተክለዋል ማለት ነው። እሱ የወረሰውን አሰፋው።

ከሰዓት በኋላ ሙትራህ ገበያ ገባሁ። ዕጣን፣ ጨርቅ፣ የብር ጌጥ፣ ጩቤ። አንዱ የብር ሱቅ ውስጥ ሳህን ላይ የተከመረውን ሳንቲም ሳይ ቆም አልኩ። ጠገራ ብር! የኛው ማርትሬዛ። ባለሱቁ አንዱን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከበድ ይላል። በአንድ ፊቱ ያቺ ደረተ ሙሉ ንግሥት፣ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር። ዓመተ ምሕረቱ 1780 ይላል። መቼም ይሠራ መቼ 1780 ነው የሚታተምበት። ጠርዙ ላይ በጣቴ ስሄድበት ፊደሉ ይሰማኛል። አያቶቻችን አቅልጠው መስቀልና አምባር ያሠሩበት ብር ይኸው ነው። ጎንደር፣ ምጽዋ፣ ሙስካት፣ ዛንዚባር፣ ሁሉም በዚህ ነበር የሚገበያየው። የዝሆን ጥርስም፣ ቅርንፉድም፣ ሰውም የተሸጠው በዚህ ነው።

ከሱቁ ስወጣ በአማርኛ ሲያወሩ ሰማሁ። የዕረፍት ቀናቸው ነው፣ ሦስት እህቶቻችን ገበያ ወጥተዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን። አንዷ የወሎ ልጅ ነች።

«ወንድሜ፣ ለሥራ ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

ስለ ድሮ ሱልጣን ልጠይቅ መጥቼ ነው፣ ነገ ከነገ ወዲያ ዛንዚባር እሄዳለሁ አልኳት።

«ውይ! የማዳሜ እናት እኮ ዛንዚባር ነው የተወለዱት። ሲናደዱ በስዋሂሊ ነው የሚቆጡት።»

ይህቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ከምሽጎቹ በላይ ነገረችኝ። ያ በባሕር የተሰፋ ግዛት ዛሬም ሙስካት ውስጥ በአሮጊቶች አፍ ላይ አለ።

ቅዳሜ፣ ባርካ

ከሙስካት በስተምዕራብ በባሕሩ ዳርቻ የተምር ዛፍ በዛፍ ነው። ባርካ እዚያ ነው ያለው። የሰዒድ ንግሥና የተጀመረው በዚህ አካባቢ በደም ነው።

ሰዒድ በ1791 ሰማኢል በተባለ የመሀል አገር ከተማ ተወለደ። አባቱ ሱልጣን ቢን አሕመድ በ1804 ባሕር ላይ ተገደለ። ልጁ ገና 13 ዓመቱ ነበር። በድር የሚባል ዘመድ ሞግዚት ሆኖ ገባ፣ ሥልጣኑንም ያዘ። በድር ከወሃቢያዎች (ያኔ ከመሀል ዓረብ ይስፋፋ የነበረ የእስልምና ንቅናቄ) ጋር የተወዳጀ ሰው ነው። ቤተሰቡ አገሪቱ በእጅ አዙር ለወሃቢያዎች ሄደች ብሎ ሰጋ። በ1806 ሰዒድ በድርን ወደ ባርካ ጠራው። እንደሚተረከው መሣሪያ እያዩ ሲጨዋወቱ ልጁ ጩቤውን መዞ ወጋው። በድር በመስኮት ዘሎ ሸሸ፤ ተከታትለው ጨረሱት። ሰዒድ ያኔ 15 ዓመቱ ነው።

ከጀርባው አክስቱ ሞዛ ነበረች። የአሕመድ ልጅ፣ የአባቱ እህት። በድርን ማስወገድ እንዳለበት የመከረችው እሷ ነች ይባላል። በኋላም እሱ አፍሪካ ሲሰነብት ሙስካትን ከአመፀኞች የጠበቀች ሴት ነች። እኛ አገር እቴጌ የምንላት ዓይነት ናት። ምሽጉን ዞሬ ሳይ አስጎብኚው ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳም። ሳነሳበት ግን ፊቱ በራ። «ሰይዳ ሞዛ!» አለና ለብዙ ደቂቃ ስለሷ አወራኝ። የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ ያውቃታል።

እሑድ፣ በሰማይ ላይ

ከሙስካት ዛንዚባር በአውሮፕላን ከቁርስ እስከ ምሳ ያለ መንገድ ነው። በሰዒድ ዘመን ሳምንታት ይፈጅ ነበር። እሱም ነፋሱ ፈቃዱ ከሆነ።

ነፋሱ የግዛቱ ዋና ሹም ነበር ብል አላጋነንኩም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ጀልባዎቹን ከዓረብ አገር ወደ አፍሪካ ይነዳል። ከሚያዝያ በኋላ ኩሲ ከደቡብ ይነሳና ይመልሳቸዋል። ነጋዴውም፣ ገዢውም፣ ባሪያውም የሚንቀሳቀሰው በዚህ ሰዓት ነው። ያመለጠው ነጋዴ ወራት ይጠብቃል። ሰዒድ ሙስካት ሆኖ ሞምባሳ ዐመፀ ቢባል ነፋሱ እስኪዞር እጁ የታሰረ ነው።

በ1828 መጀመሪያ ይህንኑ ነፋስ ይዞ መጣ። የተሳፈረባት መርከብ ቦምቤይ የተሠራች ባለ 74 መድፍ «ሊቨርፑል» ነበረች። ዓላማው ሞምባሳን ማስገበር ነው። እዚያ የማዝሩኢ ቤተሰብ ለሙስካት አልታዘዝም ብሎ ነበር። ሞምባሳ በቀላሉ አልተያዘችም። ጠቡ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። በመጨረሻ በ1837 ከተማዋ እጇን ሰጠች። የማዝሩኢ አለቆች በማታለል ተይዘው ወደ ባንዳር አባስ ተጋዙ፣ እዚያው ቀሩ። ሰዒድን ደግ ገዢ አድርገው የሚጽፉ ይህን ገጽ ቶሎ ያልፉታል።

በዚያው በ1828 ጉዞ ግን ዛንዚባርን አያት፣ ወደዳት። ጣፋጭ ውኃ፣ ጥላ፣ ለም መሬት፣ ጥሩ ወደብ። ከኦማን ድንጋይ ለመጣ ሰው ገነት ነች። ቀስ በቀስ መንበሩን ወደዚህ አዞረ። አንዳንዶች በ1832 ሌሎች በ1840 ይሉታል። በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አህጉር ለውጦ ዋና ከተማውን ያዛወረ ንጉሥ ብዙ አላውቅም። ወደዚያ የሳበው ሠራዊት ሳይሆን ገበያ ነው። ሰዒድ ራሱን ከሁሉ በፊት ነጋዴ አድርጎ ያይ ነበርና።

ሰኞ፣ ስቶን ታውን

«ካሪቡ ካካ!» ይሉኛል በየሱቁ። እንኳን መጣህ ወንድሜ ማለታቸው ነው። የስቶን ታውን መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካለፈበት ሦስተኛው ግድግዳ ይለጠፋል። በሮቹ የተቀረጹና የነሐስ ጉጥ ያላቸው ናቸው። አንዳንዱ በር ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ባሕሩ ዳር አሮጌው ምሽግ አለ፣ ኦማኖች በ1690ዎቹ መጨረሻ የሠሩት። ከአጠገቡ በርጋሽ በ1883 ያሠራው «የድንቅ ቤት» ነው። በታኅሣሥ 2020 በከፊል ተንዶ ሁለት ሰው ሞቶበታል። አሁን ታጥሯል። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። የሐበሻዋ ልጅ ያሠራው ቤት ነበርና ማዘኔ አልቀረም።

ቀጥሎ ያለው ሙዚየም ድሮ የሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት ነው። የመጀመሪያው ሕንጻ በ1896 የእንግሊዝ መርከቦች ሲደበድቡት ወደመ፤ ያሁኑ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ውስጡ ወንበሩም፣ አልጋውም፣ የውል ወረቀቱም አለ። በውሎቹ ዙሪያ ብዙ ቆየሁ። ሰዒድ በ1833 ከአሜሪካ ጋር የንግድ ውል ፈረመ። በ1837 የአሜሪካ ቆንስል እዚህ ገባ፣ ከእንግሊዙ ቀድሞ። የሴለም ከተማ ነጋዴዎች ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፣ የዝሆን ጥርስና ሙጫ ጭነው ይመለሳሉ።

በ1840 ደግሞ ሰዒድ «ሱልጣና» የምትባል መርከቡን ኒውዮርክ ላከ። መልእክተኛ አድርጎ የላከው አሕመድ ቢን ናዕማን የተባለ ሰው ነው። ቅርንፉድ፣ ተምር፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ምንጣፍ ተጭኗል። ለፕሬዚዳንት ቫን ቢውረን ስጦታ ፈረሶችም ነበሩበት። ሕዝቡ ጥምጣም የጠመጠመውን መልእክተኛ ለማየት ወደቡ ላይ ተራኮተ። ሠዓሊ መልኩን ሣለው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ደክማ የደረሰችውን መርከብ በራሱ ወጪ ጠግኖ መለሳት። ኒውዮርክ የምትኖሩ ወገኖች ሃድሰን ወንዝ ዳር ስታልፉ ይህቺን መርከብ አስቧት።

ማክሰኞ፣ ምቶኒ

ከከተማው በዳላዳላ ወደ ሰሜን ወጣሁ። ዳላዳላ የነሱ ታክሲ ነው። ረዳቱ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፣ ሰው በላይ በላዩ ይጫናል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ምቶኒ ነው። የሰዒድ ዋና መኖሪያ እዚህ ነበር። አሁን የቀሩት ግድግዳዎች፣ ቅስቶችና ጣሪያ የሌላቸው መታጠቢያ ቤቶች ናቸው። በአጠገቡ የነዳጅ ማከማቻ አለ። ባሕሩ ግን ያው ነው፣ ከግድግዳው ሥር ይመታል።

ይህን ቤት የምናውቀው በልጁ በሳልሜ በኩል ነው። በ1844 እዚሁ ተወለደች። እናቷ ቼርኬሳዊት፣ የካውካሰስ ተራሮች ሴት ነበረች፣ እሷም የተገዛች። ከአንድ ጀርመናዊ ነጋዴ ጋር ተፋቅራ በ1866 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከዛንዚባር ጠፍታ ወጣች፣ በኋላም አገባችው። ኤሚሊ ሩተ ተባለች። በ1886 የልጅነት ትዝታዋን በጀርመንኛ አሳተመች። የአንድ የዓረብ ቤተ መንግሥት ሴት ስለ ራሷ እንዲህ ስትጽፍ ብርቅ ነው።

ምቶኒ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ ሰው ይኖር ነበር ትላለች። ግቢው ውስጥ ፒኮክ፣ ሚዳቋ፣ ዳክዬና ሰጎን ይንሸራሸራል። ባሕሩ ላይ የተሠራ ክብ ሰገነት ነበር። ሰዒድ እዚያ አንገቱን ደፍቶ ብቻውን ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ትንሽ ያነክሳል፤ በጦርነት የቆሰለ ሰው ነው። ቡናው ይመጣለታል። ባሕሩን ያያል። በዚህ ሰዓት ማንም አይጠጋውም።

ሳልሜ መጻፍ የተማረችው ተደብቃ ነው። ለሴት ልጅ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድም ነበር። የግመል ትከሻ አጥንት ላይ የቁርዓን ፊደል እየገለበጠች ራሷን አስተማረች። ይህ ችሎታዋ በኋላ ጣጣ አመጣባት። በ1859 በርጋሽ ያኔ ሱልጣን በነበረው በወንድሙ በማጂድ ላይ ሲያሤር ደብዳቤ የምትጽፍለት እሷ ነበረች። ገና 15 ዓመቷ።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ። ሰዒድ በሕግ ያገባቸው ሚስቶቹ ልጅ አልወለዱለትም። ሲሞት የቀሩት 36 ልጆች በሙሉ ከቁባቶች የተወለዱ ናቸው። ቁባቶቹ በብዛት ከቼርኬሳውያን ወገንና ከሐበሻ ነበሩ። ሳልሜ እንደምትነግረን በመካከላቸው ፉክክር ነበር። ነጮቹ ከነልጆቻቸው አንድ ወገን፣ ሐበሾቹ ሌላ ወገን። በርጋሽና እህቱ ሜጄ የሐበሻዋ ልጆች ናቸው።

«ሐበሻ» ሲሉ ማንን ነው? ከኢትዮጵያ የተሸጡት ሴቶች አብዛኞቹ ኦሮሞዎችና የደቡብ ምዕራብ ሕዝቦች ልጆች ነበሩ። በሸዋ አልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ታጁራ፣ በመተማ በኩል ወደ ምጽዋ ይነዱ ነበር። ከዚያ ጀልባ፣ ጂዳ፣ ሞካ፣ ሙስካት። አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ፣ ሴት ልጅም ከወንድ የበለጠ ዋጋ ታወጣ ነበር። ባሕሩን ሲሻገሩ የየራሳቸው ቋንቋና የየመንደራቸው ስም እዚያው ቀረ። ሁሉም ሐበሻ ተባሉ። አዲስ የዓረብ ስምም ወጣላቸው። የሱልጣን ልጅ የወለደች ከፍ ትላለች፣ ጌታዋ ሲሞት ነጻ ትወጣለች፣ ሐር ትለብሳለች። ያ ሁሉ ግን እናትና አባቷን አይመልስላትም።

ከፍርስራሹ መታጠቢያ ቤት ደፍ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ይህ ድንጋይ በእግራቸው የተረገጠ ነው። ከመካከላቸው የጅማ ልጅ፣ የወላይታ ልጅ፣ የወለጋ ልጅ ነበረች ይሆናል። ማታ ማታ ለልጇ በማን ቋንቋ ነበር እሹሩሩ የምትለው? ይህን ለማሰብ ስል ብቻ እንኳ ምቶኒ መምጣቴ ተገቢ ነበር።

ጠባቂው ሽማግሌ ናቸው። «ሺካሞ» ብዬ እጅ ነሳኋቸው፣ «ማራሀባ» ብለው መለሱ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ወደ ግድግዳው በእጃቸው እያሳዩ «እዚህ እናቶቻችሁ ነበሩ» አሉኝ። አልጠየቅኳቸውም፣ ራሳቸው ናቸው ያሉት።

ረቡዕ፣ ኪዲቺ

ኪዲቺ ከባሕሩ ራቅ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። በቅርንፉድና በኮኮናት ዛፍ መካከል ነጭ ጉልላት ያላቸው መታጠቢያዎች ቆመዋል። ሰዒድ ያሠራቸው በ1850 ለፋርሳዊት ሚስቱ ነው። የፋርሱ ንጉሥ የፋትህ ዓሊ ሻህ የልጅ ልጅ ነበረች። ፈረስ ትጋልባለች፣ ታድናለች፣ ለደሴቲቱ ወግ ግድ የላትም። ኋላ ተፋተው አገሯ ተመለሰች።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ላይ በጀሶ የተቀረጸ አበባ፣ የተምር ዛፍና ወፍ አለ። የኦማን ኢባዲዎች (ኢባዲ የኦማኖች የእስልምና ወገን ነው) ቁጥብ ሰዎች ናቸው፣ መስጊዳቸው እንኳ ጌጥ የለውም። እዚህ ግን የፋርስ ጠራቢዎች እጃቸው ተፈቶ ሠርተዋል። ከወለሉ ሥር እሳት ይነድ ነበር።

ከዚያ ወደ እርሻው ወረድኩ። ወቅቱ የቅርንፉድ ለቀማ ነው። አንድ ጎረምሳ ዛፉ ጫፍ ላይ ወጥቶ ዘለላውን በእጁ እየሰበረ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ከሥር ሴቶች ተቀምጠው ይለያሉ። አንዷ እናት እንዴት እንደሆነ አሳዩኝ። ዘለላውን በመዳፍ ላይ ጠምዘዝ ሲያደርጉት እምቡጡ ከአገዳው ይላቀቃል። ትኩሱ እምቡጥ አረንጓዴ ነው፣ ጫፉ ላይ ሮዝ ይነካዋል። አበባው ከፈነዳ ዋጋ የለውም። በጥፍሬ ጫን ስለው ዘይቱ ወጣ። ሽታው እስከ ማታ ከጣቴ አልለቀቀም። ምንጣፍ ላይ ለቀናት ፀሐይ ሲመታው ቡኒ ይሆናል፣ ያኔ እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ ነው።

ቅርንፉድ የዚህ ደሴት ተክል አይደለም። አገሩ የኢንዶኔዥያ ደሴቶች ናቸው። በሞሪሸስና በሬዩኒየን በኩል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መጣ። ሰዒድ ትርፉን አየ። ለእያንዳንዱ ኮኮናት ሦስት ቅርንፉድ ትከሉ ብሎ ባለእርሻዎችን አዘዘ፤ ያልተከለ መሬቱን ያጣል። ዛፉ ፍሬ ለመስጠት ስድስት ሰባት ዓመት ይፈልጋል፣ ሰዒድ ግን ጠበቀ። እሱ ራሱ 45 እርሻ ነበረው። በ1850ዎቹ በዓለም ቅርንፉድ ዛንዚባርን የሚያህል አልነበረም።

ይህን ሁሉ የለቀመው ማነው? ከኒያሳ ሐይቅ አካባቢ ታድነው፣ በኪልዋ ወደብ በኩል የመጡ ሰዎች። የቅርንፉዱ ሀብትና የባሪያው ንግድ አብረው ነው ያደጉት። አንዱን አድንቆ ሌላውን መተው አይቻልም። የሰዒድ ጉምሩክ ደግሞ በኪራይ ለሕንዳዊው ነጋዴ ለጃይራም ሺቭጂ ተሰጥቶ ነበር። እሱ በየዓመቱ የተቆረጠውን ብር ይከፍላል፣ ቀረጡን ይሰበስባል። ሱልጣኑ እጁን ሳያቆሽሽ ብሩ ይገባል።

በ1872 የመጣ አውሎ ነፋስ የዚህን ደሴት ዛፎች አጠፋ። ፔምባን ብዙም አልነካትም። ዛሬም ብዙው ቅርንፉድ ከፔምባ ነው።

ሐሙስ፣ ገበያው

የመጨረሻው የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አለ። መሠዊያው የግርፋት ግንድ በነበረበት ላይ ነው ይላሉ። ውጭ ጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ አምስት የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል። ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ ማየት ይከብዳል።

ሰዒድ በዚህ ነገር ከእንግሊዝ ጋር ሲከራከር ነው የኖረው። በ1822 ለክርስቲያኖች ባሪያ መሸጥን የሚከለክል ውል ፈረመ። በ1845 ከአፍሪካ ወደ ዓረብ አገር መላክን የሚያግድ ሌላ ፈረመ። በደሴቲቱና በጠረፉ መካከል ግን ቀጠለ። እንግሊዞችን ማስቀየም አልፈለገም፣ ገቢውንም ማጣት አልፈለገም። ከሁለቱ በአንዱ አልቆረጠም።

የቆረጠው ልጁ ነው። በርጋሽ በሰኔ 1873 ገበያውን የሚዘጋውን ውል ፈረመ። በራሱ ተነሳሽነት ነው ማለት አይቻልም። የእንግሊዙ ቆንስል ጆን ኪርክ ደሴቷን በመርከብ እንዘጋለን ብሎ አስፈራርቶታል። ቢሆንም ፊርማው የሱ ነው። እናቱ በዚህ ዓይነት ገበያ ተሽጣ የመጣች ሰው ናት። ስትፈርም እጅህ ምን ተሰማው ብሎ የጠየቀው ባለመኖሩ ይቆጨኛል።

ዓርብ፣ መቃብሩ

ጁምዓ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ጎን ያለውን ትንሽ የመቃብር ቦታ በጠዋት ነው ያየሁት። ማኩሱራኒ ይባላል። የሰዒድ መቃብር ያለበት ሕንጻ ግድግዳ እንጂ ጣሪያ የለውም። ጀምረው ያልጨረሱት ነው። በኢባዲ ወግ መቃብርን ማግነን አይወደድም።

አሟሟቱ ልዩ ነው። በ1854 ፋርሶች ባንዳር አባስን ነጥቀውት ወደ ሙስካት ተመለሰ። በ1856 ተዋውሎ ጉዳዩን ጨረሰ። ዛንዚባር ሲመለስ «ቪክቶሪያ» በምትባል መርከብ ተሳፈረ። ከመነሳቱ በፊት የሬሳ ሣጥን የሚሆን ጣውላ ይጫን ብሎ አዘዘ። መንገድ ላይ የሚሞት ሰው ወደ ባሕር እንዳይጣል አለ። ጥቅምት 19 ቀን 1856 ሲሸልስ አጠገብ ባሕር ላይ አረፈ። ዕድሜው 65 ነበር።

አብሮት የነበረው በርጋሽ ነው፣ የ19 ዓመት ወጣት። የአባቱን አስከሬን አላስጣለም። ዛንዚባር ሲደርስ ለማንም ሳይነግር ሌሊት አውርዶ እዚህ ቀበረው። ከዚያ መንበሩን ሊይዝ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ማጂድ ዛንዚባርን ያዘ፣ ታላቁ ሱወይኒ ሙስካትን። ሁለቱ ሊዋጉ ሲሉ እንግሊዝ ገባችበት። በ1861 ግዛቱ ለሁለት ተከፈለ። ሀብታሟ ዛንዚባር ለሙስካት በየዓመቱ 40 ሺህ ጠገራ ብር እንድትከፍል ተፈረደ። በርጋሽ ተራው የደረሰው በ1870 ነው።

እዚሁ ቦታ ላይ በርጋሽም ተቀብሯል። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሄድኩ። ወንዶቹ አሉ። የእናቱን ስም የሚናገር ነገር አላገኘሁም። ለጠባቂው ጠየቅኩት፣ ትከሻውን ነቀነቀ።

ሥርወ መንግሥቱ ዛንዚባር ላይ በጥር 1964 አብዮት አበቃ። የብዙ ዓረቦችና ሕንዶች ደም ፈሰሰ፣ የቀሩት ሸሹ። የወሎዋ ልጅ ማዳም እናትም ዕድሜያቸው ያኔውን ሳያስታውስ አይቀርም። ሙስካት ላይ ግን የሰዒድ ዘር ዛሬም በመንበሩ ላይ አለ።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልበል። ከአዲስ አበባ ዛንዚባር ቀጥታ በረራ አለ። ብዙዎቻችን ለባሕሩ ዳርቻ ነው የምንሄደው፣ ጥሩ ነው። አንድ ቀን ግን ለምቶኒና ለኪዲቺ አትርፉ። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ናቸው፣ በግማሽ ቀን ይታያሉ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ፀሐዩ አይቻልም። ሙዚየም ስትገቡ ደግሞ ስለ ሐበሻዎቹ እናቶች ጠይቁ። በስዋሂሊ «ዋሐበሺ» ነው የሚሏቸው። በባርካ እንዳየሁት የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ የሚመልስም ይገኛል።